የሚስተር ሊን ድንጋዮች

ሰኔ 9 ቀን 2016

ድንጋዮቹ ዛሬ ገቡ። ሁለት ሎሪ ሙሉ። ግንበኛው አዳሙ ከጭነቱ ላይ እንደ ሙሽራ ተኮፍሶ መጣ፤ እድርተኛው ወጥቶ እልል አለለት። ገዳሪፍ ውስጥ የእነዚህን ድንጋዮች ታሪክ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በሀዋታ መንገድ በነበረው የቻይኖች እርሻ አራት ዓመት ወጥ ስሠራ፣ ሚስተር ሊን በየዓርቡ መዶሻና መሮውን ይዞ ሲጠርባቸው አይቻለሁ። ሥራው የውሃ ሞተር መጠገን ነበር፤ ድንጋዩ ናፍቆቱ ነው። በእርሻው መግቢያ ላይ በአገሩ እንዳሉት ያለ ትልቅ የድንጋይ በር ሊያቆም ፈለገ። መዝጊያ የለው፣ አጥር የለው፣ በር ብቻ። ምሰሶዎቹ አለቁ፣ አንበሶቹም አለቁ። ከላይ በሚጋደመው ድንጋይ ላይ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶውን እንዳለ፣ አምና ሚያዝያ ካርቱም ጦርነቱ ተነሣና ቻይኖቹ በጥድፊያ ወደ ፖርት ሱዳን ተሳፈሩ። ሚስተር ሊን ለእኔ የመብራት ሩዝ ማብሰያውን ትቶልኝ ሄደ፤ መብራቱን ግን አልተወልኝም።

ድንጋዩ እዚያው ሜዳ ላይ ከረመ። አሁን የመሬቱ ባለቤት ሼኽ "ሺሉ ያ ሐበሻ፣ ውሰዱት" ብለው ለእድራችን ሰጡን። እኛም ለምንኖርበት የእድሩ ግቢ በር ይሆናል።

አንደኛውን ሎሪ የነዳው የእርሻው ሾፌር የነበረው ባንታምላክ ነው። ሲወርድ አላየሁትም። የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ዛሬም አልተተከለም።

ሰኔ 12

ከካርቱም የሸሹ ሰዎችን የጫነ አውቶቡስ ገባ። ድሮ ቢሆን አማቴ እማማ ዙፋን ካርቱም ሄዶ የቀረውን የባሌን የስንሻውን ፎቶ ይዘው እየሮጡ "ይኸን ልጅ አይታችሁታል? ቀይ፣ ረዥም፣ ጎንደሬ ነው" እያሉ ወራጁን ሁሉ ያስጨንቁ ነበር። ዛሬ ማሽላ ሲለቅሙ ዋሉ፤ ቀና አላሉም። ከፋሲካ ወዲህ እንዲህ ሆነዋል። የባሌ ጓደኛ ክንፈ ከካርቱም መጥቶ፣ አንድ ሌሊት አድሮ፣ ወደ ኒው ሀልፋ ካለፈ ወዲህ ማለቴ ነው። "ክንፈ ስለ ስንሻው ምንም አያውቅም" ብለውኛል። ቤት ሲመጣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ያደረው ሌላ ቦታ ነው። ሳይሰናበተኝ ሄደ፤ ባለጌ።

ደክሟቸው ይሆናል። እኔም ወደ አውቶቡሱ አልሄድኩም። አሁን ወጥ የምሠራላቸው የእህል መጋዘኑ ሠራተኞች ምሳ ደርሶብኝ ነው።

ሰኔ 16

የእድር ስብሰባ። ሊቀ መንበራችን አቶ ፊሊጶስ በፊት መተማ አስተማሪ ነበሩ፤ አሁንም ሰው ሁሉ አራተኛ ክፍል ይመስላቸዋል። "ለመሆኑ ይህ በር ምንድን ነው? ጣዖት እንዳናቆም!" አሉ። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሥቼ ነገርኳቸው።

ጣዖት አይደለም፣ የክብር በር ነው አልኩ። በሚስተር ሊን መንደር ሦስት አሉ፤ ሁሉም ድንጋይ ናቸው። አንዱ ጉቦ ላልበላ ሹም የቆመ ነው። አንዱ አባቱን ለጦረ ልጅ። ሦስተኛው ባሏ ሞቶባት ሌላ ሳታገባ የባሏን እናት ይዛ ለኖረች ሴት። ንጉሡ ካልፈቀደ አይቆምም፤ ባሏ የሞተው ሠላሳ ሳይሞላት መሆን አለበት፤ እሷም እስከ ሃምሳ ዓመቷ መቆየት አለባት። ደመናውን፣ አበባውን፣ አንበሳውን ሳይቀር እንዴት እንደሚቀርጹት ነገርኳቸው። ነገሥታቱ አልፈው በሮቹ ቀሩ፤ ዛሬ መንግሥት እንደ ቅርስ ይጠብቃቸዋል አልኩ። እኛ ጎንደር ቤተ መንግሥቱን ዙሪያውን ስንዞር ተዝካሮ በር፣ እምቢልታ በር እያልን እንዳደግነው ማለት ነው።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እማማ ዙፋን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ንግግር ያምርብኛል መሰለኝ፤ ከተቀመጥኩ በኋላም ጆሮዬ ሲሞቀኝ ቆየ።

ሰኔ 24

ሲንጃ በሚሊሻው ተያዘች። ከተማው በተፈናቃይ ሞላ። ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ የመስጊዱ አጥር ሥር። የእድሩም ግቢ። ድስት ላይ ድስት። እጄን እንፋሎት ጠበሰኝ። ቀጥላ ሀዋታ ናት ይላሉ።

ባንታምላክ እዚያው መንገድ ላይ ነው፣ ሰው ያመላልሳል። የሎሪው ፍሬን ደህና አይደለም። ፍሬኑ ነው የሚያስጨንቀኝ።

ሐምሌ 1

ተመለሰ። ደህና ነው። ሎሪውም።

ሐምሌ 5

አቶ ፊሊጶስ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቤት መጡ። ሽማግሌ ሲገባ ልቤ ለምን እንደዘለለ አላውቅም። ለሌላ ነገር የመጡ መስሎኝ ነው።

"ሐመልማል ልጄ፣ አገር ሲፈርስ ሰው ምሳሌ ይፈልጋል" አሉ። "ሴቶቻችን ባላቸው የገባበትን ሳያውቁ ከሌላው ጋር እየሄዱ ነው። አንች ግን ይኸው ሁለት ዓመትሽ። ያ ባዶ ድንጋይ ላይ 'ሐመልማል፣ ባሏን የጠበቀች' ተብሎ ይቀረጻል። ለእንቁጣጣሽ እንመርቀዋለን።"

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምን ሠራሁና!"

"ትሕትናዋን አያችሁ?" አሉ ለሽማግሌዎቹ።

"ለቆመ ሰው ስም መጻፍ ደግ አይደለም።"

"ይኸው ደግሞ ጨዋነቷ!"

ያልኩት ሁሉ ሌላ ድንጋይ እየሆነ ተጨመረልኝ። ዝም ስል ደግሞ "ዝምተኛነቷ" አሉ። መርቀው ወጡ። እማማ ዙፋን መሬት መሬት ያያሉ። ደስታ ይሆናል።

ሐምሌ 6፣ ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለእድሩ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ሚስተር ሊን ታሪኩን እንዲህ አልነበረም የነገረኝ። እሱም ዐረብኛ አይችል፣ እኔም አልችል፣ ስለዚህ በደንብ እንግባባ ነበር። የሦስተኛው በር ባለቤት የቤተሰቡ የጥንት አያት ናት። እሷ በስንት ችግር እንደኖረች ማንም አያውቅም፤ ስሟ እንኳ በድንጋዩ ላይ በባሏ ቤት ስም ነው የተጻፈ። ሊን ያወቃት ሴት ሌላ ናት። የገዛ አያቱ። እሷም በዚያው ቤት አገባች፤ ባሏ ጦርነት ሄዶ ሞተ፤ ልጇ ጡት አልጣለም ነበር። ወጣት ናት። የሚፈልጋት ሰው ነበረ፣ አናጢ ነው አለኝ ሊን። ግን ቤቱ ያለው ከበሩ ሥር ነው። አማቷ በየማለዳው "ስትወጭ ቀና ብለሽ እይ" ትላታለች። ሌላ ነገር አትላትም። ክፉም አልነበረች፤ ታበላታለች፣ ሲያማት ታስታምማታለች። ብቻ "ቀና ብለሽ እይ።" ንጉሥ የለ፣ ፈቃድ የለ፣ ዘመኑ አልፏል፤ በሩ ግን ቆሟል። አናጢው ሄደ።

ኋላ ከከተማ የተላኩ ወጣቶች አሮጌ ነገር ሁሉ ይሰበር ብለው መዶሻ ይዘው መጡ። የሹሙን በር ሰበሩት። የሴትዮዋ ልጅ፣ የሊን አባት፣ የአያቶቹን በር ለማትረፍ ድንጋዩን ሌሊት በጭቃ ለሰነው፤ ጽሑፉ ጠፋ፣ ግድግዳ መሰለ። በማግስቱ ማለዳ ሲነሣ እናቱ ባልዲ ይዛ መሰላል ላይ ቆማ ጭቃውን ታጥበዋለች። እንዲታይ። እንዲሰበርላት።

ሊን ይህን ሲነግረኝ ሳቀ፣ ግን ሳቁ አላለቀለትም። ልጅየው እናቱን አውርዶ እንደገና ለሰነው፤ በሩ ተረፈ። አሁን መንግሥት አጥሮት ትኬት ይቆረጥበታል። ሊን የገዛ አያቱን ደጅ ለማየት ትኬት ገዝቶ ገባ። አስጎብኚዋ ስለ ደመናው ቅርጽ ብዙ አወራች አለኝ።

ባልዲውን ለምን ዘለልኩት? ከንፈር ሲመጠጥልኝ ደስ ብሎኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ባሌ ሲሄድ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ለቻይናው ንጉሥ እንኳ እበቃለሁ። እስከ ሃምሳ መቆየት ብቻ ነው የቀረኝ። አይ አንች ወሬኛ!

ሐምሌ 15

ባንታምላክ መጋዘኑ ጋ ውሃ ሊጠጣ መጣ። ከእርሻው ጀምሮ ውሃ የሚጠጣው እኔ ካለሁበት ነው፤ ቀዝቃዛ ስለምይዝ ይሆናል።

"በነሐሴ መጨረሻ ልወጣ ነው" አለ። "እስከ ጋላባት በሎሪ፣ ከዚያ ወደ መተማ በእግር። እኅቴ ጭልጋ ናት። ጦርነቱ እዚያም አለ፣ ግን በአገር ቋንቋ ነው።"

"እግዚአብሔር ያግባህ።"

ጣሳውን አስቀመጠና "ጋቢናው ሰፊ ነው፤ ሁለት ሰው ይይዛል" አለ።

"እንኳን ደስ ያለህ" አልኩት።

እንኳን ደስ ያለህ! ቀኑን ሙሉ ራሴን ስሰድብ ዋልኩ።

ሐምሌ 27

በሩ ቆመ። ያምራል፤ መዋሸት አልችልም። አራት ምሰሶ፣ ከላይ እንደ ቤት ክዳን ያለ ድንጋይ፣ ከሥሩ ዝናብ የማያገኘው ባዶ ቦታ። ፎቶ አንሥቼ ስታርሊንክ የሚሉት የሳተላይት ኢንተርኔት ካለበት ሱቅ ለሚስተር ሊን ላክሁለት። ስጠባበቅ ድምፁ መጣ። ያ ዐረብኛው! መጀመሪያ አለቀሰ መሰለኝ። ቀጥሎ ደግሞ "ገልብጣችሁታል" አለ። ስም የሚጻፍበት ፊት ወደ መንገድ መሆን ነበረበት፤ እኛ ወደ ውስጥ አዙረነዋል። አንበሶቹም እኛኑ ነው የሚያዩ።

ለአዳሙ ነገርኩት። "ከቻይና ይምጣና ያዙረው!" አለ። ዕድሜውን ሙሉ ቤት ሲሠራ የኖረ ነው፤ በር ወደ ግቢው ሲያይ ነው የሚያምር፣ መንገደኛ ምን ገዶት ይላል።

አቶ ፊሊጶስ ግን ደስ አላቸው። "እንዲያውም ይሻላል። መመከር ያለበት የሚወጣው ነው።"

ነሐሴ 8

ጾም ነው። ሴቶቹ ሰላምታቸው ተለውጧል፤ ጉልበታቸውን ሸብረክ ያደርጉልኛል፣ በቁሜ ጻድቅ ሆኛለሁ። ከባንቺአየሁ መርፌና ክር ተበደርኩ። ጎረቤቴ ናት፣ ምላሷ አያርፍም።

"ምን ልትሰፊ ነው?"

"ቁልፍ።"

"የማን ሸሚዝ አለሽና ነው ቁልፍ የምትተክይ?" አለችና ሳቀች። "በሩን አስታውሽ እሽ!"

ለመጎናጸፊያዬ ነው አልኩ። መጎናጸፊያ ቁልፍ የለውም። መርፌውን ሳልነካው መለስኩላት።

ማታ ደግሞ የስንሻውን ጫማ አጣሁት። እማማ ዙፋን ከሲንጃ ለመጣ አንድ ሽማግሌ ሰጥተውታል። "ሲመጣ ምን ይጫማል?" አልኳቸው። "ሌላ ይገዛል" አሉ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ። ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ የወለወልኩት ጫማ ነው። መናደድ ነበረብኝ፤ አልተናደድኩም። ይህ ለምን እንደሆነ ዛሬ አልጽፍም።

ነሐሴ 18

ዝናብ ቤት ዘጋብን። እማማ ዙፋን ድንገት "ያች ቻይናይቱ ደስ ብሏት ኖረች?" አሉ።

ነገርኳቸው። አናጢውን፣ ጭቃውን፣ ባልዲውን።

"ልጇ ምን አላት?"

"ምን ይላታል እማማ፣ እናቱ ናት። አወረዳት።"

"አማቷስ?"

"ያኔ አማቷ ሞታለች።"

"ሳትፈታት?"

"ሳትፈታት።"

ነጠላቸውን ተከናንበው ተኙ። ትንፋሻቸው ግን የተኛ ሰው ትንፋሽ አልነበረም።

ነሐሴ 21

ባንታምላክ ሊሰናበት መጣ። የእማማ ዙፋንን ጉልበት ሳመ። እኔ ጓሮ ድስት ሳጥብ ነበር። ድስቱ ንጹሕ ነበር። የሎሪው ድምፅ እስኪጠፋ አጠብኩት።

ነሐሴ 28

መተማ ተኩስ ነው፣ ድንበሩ ተዘጋ ይላሉ። ባንታምላክ ይለፍ አይለፍ የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ ኮሌራ ገብቷል፤ ውሃ ማፍላት፣ እጅ ማስታጠብ፣ ማፍላት። በዚያ ሚሊሻ፣ በዚህ ድንበር፣ በመሀል እኔና ስሜ።

ጳጉሜን 1

አዳሙ ስሜን በኖራ ጻፈው። ነጭ በጥቁር ድንጋይ ላይ። መሮው የሚገባው ሩፋኤል ካለፈ በኋላ ነው፣ ከበዓሉ በፊት አልመታም ብሏል። ከግቢው ስወጣ ቀና ብዬ አየሁት። ማንም እይ ሳይለኝ። ተመልሼ ገባሁ። ልሄድ የነበረው ገበያ ነው፣ ሽንኩርት ልገዛ! እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጳጉሜን 2

ባንታምላክ ከዶካ ተመለሰ። መንገዱ ዝግ ነው። ደስ አለኝ። ለሌላ ሰው መንገድ ሲዘጋበት ደስ የሚለው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፤ ሁላችንም ከትናንት ጀምሮ ባልዲና ድስት ደጅ ደርድረናል። ጎሕ ሲቀድ ዘነበ። ልጆች ራቁታቸውን እየጮሁ ወጡ፤ ከኛ ጋር የተጠለሉት የሲንጃ ልጆችም ነገሩ ሳይገባቸው አብረው ዘለሉ። እኔም ፊቴን ልታጠብ ብወጣ ባልዲያችን የለም። እማማ ዙፋንም የሉም።

አገኘኋቸው። ከበሩ ሥር የአዳሙን መሰላል አቁመው ወጥተውበታል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ደረጃ የሚፈሩት ሴትዮ! ባልዲውን በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ በነጠላቸው ጫፍ ስሜን ያሻሉ። "ሐመል" ጠፍቶ "ማል" ቀርቷል። ኖራው በእጃቸው በኩል ወደ ብብታቸው ይወርዳል።

"እማማ! ይወድቃሉ!"

"መሰላሉን ያዥ።"

ያዝኩ።

"ስንሻው ሞቷል" አሉ፣ ማሸታቸውን ሳያቆሙ። "ካርቱም ቤቱ ላይ ቦምብ ነው የወደቀበት። ክንፈ ነው የቀበረው። በፋሲካ ነገረኝ። እንዳትነግራት ብዬ አስምዬ ሰደድኩት።"

ዝናቡ ፊቴን ይመታል።

"መርዶ ካወጣሁ ትሄጃለሽ ብዬ ነው። ልጄን ቀበርኩ፣ አንችንም ብቻዬን ልቅበርሽ? ሲያሞግሱሽ ዝም አልኩ። ልብሽ የት እንዳለ አውቅ ነበር ሐመልማል፤ ድስት ስታጥቢ ሰማሁሽ።" ከዚያ ማሸታቸውን አቆሙ። "ሳትፈታት ሞተች ስትይኝ ግን ፈራሁ።"

"አውቅ ነበር" አልኩ።

እውነት ነው፤ አውቅ ነበር። ከአውቶቡሱ ስቀር አውቅ ነበር፣ ጫማው ሲሄድ አውቅ ነበር። ሁለታችንም አንድ ሬሳ በመካከላችን አስተኝተን ስንደባበቅ ነው የከረምነው። አወረድኳቸው። ጭቃው ላይ ተቃቅፈን ለስንሻው አለቀስንለት፤ ሳቂታ ነበር፣ ከመንገድ ይዞልኝ የሚመጣው ነገር ሁሉ የተሰበረ ነበር። በዝናብ መሀል ለቅሶ ሰምተው ሰው ሁሉ ወጣ።

አቶ ፊሊጶስ ድንጋዩን አይተው "ማነው ያጠበው?" አሉ።

"ሩፋኤል" አሉ እማማ ዙፋን። "ባሏን የጠበቀች አትበሉ። ባሏ የለም። ድንኳን ጣሉልን።"

መስከረም 4 ቀን 2017

የእድሩ በር በለቅሶ ተመረቀ። የመጀመሪያው ድንኳን የስንሻው ሆነ። ሰው እያጎነበሰ ገባ፣ እያጎነበሰ ወጣ፤ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶውን ነው። አዳሙ መሮውን ጠቅልሎ አስቀምጧል። አቶ ፊሊጶስ ከእኔ ጋር አይነጋገሩም፤ ለምሳሌነት ሌላ ሰው እየፈለጉ ነው መሰለኝ። ድንበሩም እንደተዘጋ ነው፣ ሀዋታም የሚሆነው አይታወቅም። የትም የምንሄድበት የለም።

ጥቁር ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ባንታምላክ ከወንዶቹ ጋር መጣ፣ ከጥግ ተቀመጠ። እህል ሲቀርብ እኔ ላስታጥብ ስነሣ እማማ ዙፋን በእጃቸው መለሱኝ። ያንኑ ባልዲ ራሳቸው ይዘው ከሱ ፊት ቆሙና ውሃ በጣሳ እየቀዱ አፈሰሱለት።

"ዶካ ደርሰህ ተመለስክ አሉ።"

"መንገዱ ተዘግቶ ነው እማማ።"

"ሲከፈት ብቻህን እንዳትሄድ" አሉት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ቀጥለው "ይኸ ቁልፍህን ደግሞ የሚተክልልህ ጠፋ?" አሉ።

እሱ እጁን ከውሃው ሥር እንደዘረጋ ቀረ፣ ውሃው አልቆ እንኳ።

አየሁት። ሌላ ነገር የማይ አስመስዬ አይደለም፤ ፊቱን፣ እጁን፣ ደረቱ ላይ የተከፈተውን ሸሚዝ፣ ደህና አድርጌ አየሁት።